አባቴን ያሸነፈው በርሜል

አባቴ አንደኛ ሲወጣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ውድድሩ የተካሄደው ወላጆቼ በሚሠሩበት የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ውስጥ፣ ግንድ በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ መጋዙን አስቁሞ ወንዶቹን በሙሉ አሰለፈ። አንድ በአንድ ብረቱ ላይ ይወጣሉ፤ እሱ መርፌውን እያየ ቁጥር ይጠራል።

"ስልሳ አንድ! ውረድ። ሰባ! ውረድ። አንተ ደግሞ ንፋስ በልተህ ነው እንዴ የምትውለው? ውረድ፣ ውረድ!"

ሰው ሁሉ ይስቃል። አባቴ ሲወጣ ባስኩላው አቃሰተ። መርፌው ዘሎ ሄዶ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆመ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

"ተገኘ!" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የአባቴን ትከሻ እየመታ። "ቋጥኝ ነህ! ከዛሬ ጀምሮ ቦታህ ትራክተሯ ላይ ነው።"

እኔ የሰጋቱራው ክምር ላይ ቆሜ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ሽልማቱም አልዘገየም። በዚያው ቀን ከትንሿ ቀይ ትራክተር ጀርባ አንድ ወፍራም ሳንቃ በብሎን ታሰረ፤ ከፊቱ በሁለት እጅ የሚያዝ ብረት ተበየደ። በማግሥቱ አባቴ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። እናቴ መሪውን ይዛ ከፊት፣ አባቴ ከፍ ብሎ ከኋላ። ለእኔ እናቴ ሾፌር ነበረች፤ አባቴ ደግሞ የሚሾፈርለት ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትራክተሯ ከፊቷ ግንድ የሚያነሳ ባለ ሁለት ጣት ሹካ ተገጥሞላታል። ሹካው ላይ ከባድ ግንድ ሲጫን የኋላ ጎማዎቿ ከመሬት ይነሳሉ። ስለዚህ ከኋላ የሚጫናት ክብደት ያስፈልጋል። ያ ግቢ በድንጋይ፣ በብረት ቁርጥራጭና በአሸዋ የተሞላ ነበር፤ ከጀርባው ወንዝ ይፈሳል። ክብደት የሚሆን ነገር እንደዚያ ሞልቶ ሥራ አስኪያጁ የመረጠው የሚተነፍሰውን ነው።

ይህን ሳወራ "የዘመኑ ነገር ነው፤ ያኔ ማን ያውቅ ነበር? አትፍረጂ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ክራቫት ያሰረ ሰው ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ብሎኛል። እፈርዳለሁ እንጂ! አንዲት ሴት በአንድ ሳንቃና በአንድ ጉማጅ ያወቀችውን ነገር "ዘመኑ አያውቅም ነበር" ብሎ የሚሸፍንልኝን ሰው ዛሬም ባገኘው አልምረውም።

አባቴ ከዚያ በፊት መጋዝ ሞራጅ ነበር። ከመሰንጠቂያው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የትልቁን መጋዝ ጥርሶች አንድ በአንድ በሞረድ ይስላል። ሲርር፣ ሲርር፣ ሲርር። ቀኑን ሙሉ። እኔ በዚያ ሥራ አፍር ነበር። ሌሎች አባቶች ግንድ ሲያንከባልሉ የእኔ አባት ጓዳ ውስጥ ጥርስ ይፍቃል። ትራክተሯ ላይ ሲወጣ ከጓዳ ወደ ዙፋን የወጣ መሰለኝ። መጋዙ ከዚያ ወዲህ እየደነዘዘ እንጨቱን ሳይሆን ቀኑን ይበላ እንደነበር፣ አባቴ የሞረደው መጋዝ እንደ ምላጭ ይቆርጥ እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። ቢነግሩኝስ እሰማ ነበር?

ከሁሉ የምወደው የትራክተሯን ዱካ ነበር። እርጥቡ መሬት ላይ የኋላ ጎማዎቿ የዓሣ አጥንት የመሰለ ምልክት ጥለው ያልፋሉ። ግንድ ተሸክማ በሄደችበት ግን ዱካው ቦታ ቦታው ላይ ይቋረጣል። አንድ ክንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ክንድ ያህል ምንም ያልነካው መሬት፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

"እዚህ ጋ በርራለች" እያልኩ ለጓደኞቼ አሳይ ነበር። "አባዬ ነው የሚያበርራት።"

ትራክተሯ ፍሬን የምትይዘው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነው። ጎማው አየር ላይ ከሆነ ፍሬን የለም። እኔ እየቆጠርኩ የኮራሁባቸው ክፍተቶች አባቴ በየቀኑ ስንት ጊዜ ሊሞት እንደነበረ የሚናገሩ ናቸው።

በግቢው በር አጠገብ አንዲት ትልቅ ግንድ ነበረች። ሠራተኞቹ "አማት" ይሏታል፤ አንድ ቀን መጣች፣ ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ ሊያስነሳት አልቻለም። ሁለት ክረምት አልፏታል፤ ሣር ከብቧታል፤ ድመት ሥሯ ወልዳለች። አንድ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጁ እጁን እያፋተገ መጣ።

"ዛሬ አማትን እንሸኛታለን!"

"ትራክተሯ አትችልም" አለች እናቴ ከመቀመጫዋ ሳትወርድ። "ኋላዋ ይነሳል።"

"ታዲያ ቋጥኝ አለልሽ አይደል እንዴ? የአንቺው ባል!"

"ባሌ እኮ ነው የምልዎት።"

"አንሺ፣ አንሺ! ወሬ ግንድ አያነሳም።"

እናቴ ሹካውን ከአማት ሥር አስገባችና ማንሻውን ሳበች። የፊት ጎማዎቹ ተጨፈለቁ። ግንዷ ግን አልተነሳችም፤ የተነሳው አባቴ ነው። ከነሳንቃው፣ ከነጎማው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤ ከሰው ቁመት በላይ ሄደ። ባርኔጣው ወደቀ። ከጀርባው ሰማይ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

"አባዬ በረረ!" ብዬ ጮህኩ። "አባዬ በረረ!"

እናቴ ማንሻውን መለሰችው። ትራክተሯ ምድር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ አሰምታ ወረደች። አባቴ ከሳንቃው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ባርኔጣውን አንስቶ አራገፈ፤ እኔን ሲያይ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝና ከሰጋቱራው ክምር ጀርባ ሄደ። ብቻውን ሊስቅ የሄደ መሰለኝ። ደስታው በዝቶበት።

ሲያስመልሰው እንደነበር የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እኔ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ።

በዚያ እሑድ ቤታችን በር ላይ ልብስ ይታጠብ ነበር። እናቴና አባቴ አንድ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው በተቃራኒው ይጠመዝዙታል። እኔ ገመድ ላይ ከተሰጣው ሌላ አንሶላ ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ጥላቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

"ካንተ ድንጋይ ይሻለኛል" አለች እናቴ።

"ድንጋይ ምሳ አይበላም ማለትሽ ነው?"

"ቀልድህን ተው። አንተን እዚያ ላይ አስቀምጬ ከእንግዲህ ማርሽ አላስገባም።"

"ሥራውን ልትለቂ ነዋ?"

"ለምን እለቃለሁ? አንተን ነው የማወርድህ።"

አባቴ አንሶላውን አንድ ዙር ጨምሮ ጠመዘዘው። ከአንሶላው ውሃ ወረደ።

"ሥራ አስኪያጁ እንቢ ካለስ?" አለ።

"እንቢ ካለ እሱ ይውጣበት።"

እናቴ ቀንታለች። ባሏ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ እሷ ከፊቱ መሪ ስታዞር መዋሏ አንገብግቧታል። ከአባቴ ድንጋይ ይሻለኛል አለች! በጆሮዬ ሰምቼ! ዛሬ የምቆጣውን ሁሉ የተማርኩት ከእሷ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጣዬን ግን ያወጣሁት በእሷው ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ቆመች። እኔ ደብተሬን ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ልታደርሰኝ ስለነበር።

"በርሜል፣ ሲሚንቶ፣ ጠጠርና አንድ ወፍራም ብረት እፈልጋለሁ" አለችው። "የኋላ ክብደት ልሠራ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እያለ ሲሚንቶ?"

"ሰው ስላለ ነው ሲሚንቶ።"

ሳቀባት። ሳቁን ሲጨርስ እሷ እዚያው ቆማ ነበር።

"እሺ" አለ። "ሁለት ሳምንት። በሁለተኛው ቅዳሜ በርሜልሽን ይዘሽ ነይ። አማትን አንስተሽ መጋዙ ጋ ካደረስሻት ባልሽ ወደ ሞረዱ ይመለስ። ካላደረስሻት እሱ ወደ ሳንቃው፣ አንቺ ወደ ቅርፊት ጠረጋ፤ ትራክተሯን ለወንድ እሰጣታለሁ። ተስማማን?"

"ሰው ሁሉ ይስማ" አለች እናቴ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ ቃል በቃል፣ ግቢው እንዲሰማ።

የግቢው መካኒክ ጥርሱ ያለቀ፣ ቱታው ከቆዳው የተጣበቀ ሽማግሌ ነበር። ትራክተሯን እየዞረ አያት።

"ልጄ፣ ምን በርሜል ያስፈልግሻል? የኋላ ጎማዎቿን ውሃ ሙያቸው፤ ይከብዱልሻል።"

"ጋሼ፣ ውሃው ጎማ ውስጥ ከገባ ባሻኝ ቀን አወጣዋለሁ? ባዶዋን ወንዙ ዳር ስወርድ ትሰምጥብኛለች።"

"ጎማው ላይ የሚታሰር የብረት ክብ አለ።"

"እሱም ውሃውም የሚያርፉት የኋላ ጎማዎቹ አክስል ላይ ነው። እኔ የምፈልገው ከአክስሉ ራቅ ብሎ ከኋላ የሚጎትት ነገር ነው። ስፈልግ የማነሳው፣ ሳልፈልግ የምጥለው።"

"የአሸዋ ጆንያ ደርድሪበታ።"

"ይንሸራተታል።"

"ኧረ አንቺስ ባልሽንም እንዲህ አማርጠሽ ነው ያገባሽው?"

"እሱንማ ሳልመዝነው ነው ያገባሁት" አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ተአምር ሆነ። እናቴ ከእኔ ጋር ተጫወተች። እውነቴን ነው፤ ከሥራ በኋላ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ዝም የምትል ሴት፣ አንድ ጉማጅ አጋድማ ረጅም ሳንቃ አስቀመጠችበትና "ነይ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጪ" አለችኝ። በሌላኛው ወገን አባቴን አስቀመጠችው። እኔ አየር ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

"ወደ ጉማጁ ጠጋ በል" አለችው አባቴን። "ጠጋ። አሁንም ጠጋ።"

ስንዝር በስንዝር ተጠጋ። ጉማጁ አጠገብ ሲደርስ እግሬ ቀስ እያለ መሬት ነካ፤ አባቴ ተነሳ። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ፣ የግቢው አንደኛ፣ ተንሳፎ ቀረ!

"ኧረ ላባዬ አነሳችኝ!" አለ። ቀላል ስለነበርኩ ላባ ነበር የሚለኝ። "ሰዎች፣ ላባዬ አነሳችኝ!"

በሳቅ ልሞት ደረስኩ። እናቴ ግን አትስቅም። በስንዝሯ ከጉማጁ እስከ አባቴ ለካች፤ ከጉማጁ እስከ እኔ ለካች፤ በከሰል ሳንቃው ላይ ቁጥር ጻፈች።

"አየህ?" አለችው። "እሷ ሃያ ሁለት ኪሎ ናት። ርቃ ስለተቀመጠች አነሳችህ። ለትራክተሯ ጉማጁ የፊት ጎማዋ ነው፤ አንተ የኋላው አክስል ላይ ስለምትቀመጥ ከእሱ በቂ አትርቅም። እንኳን አንተ፣ ሁለት አንተ ብትሆንም አትይዛትም። በከንቱ ነው እዚያ ላይ የምትውለው።"

አባቴ ሳቁን አቆመ። ከሳንቃው ወርዶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆመ። በልጁ መሸነፉ ያሳፈረው መስሎኝ "ይቅርታ አባዬ" አልኩት። በትምህርት ቤት ግን ለዓመታት አባቴን በአንድ እጄ እንዳነሳሁ ሳወራ ኖሬያለሁ። ጨዋታ አልነበረም። እናቴ ስሌት እየሠራች ነበር፤ ሚዛኗ እኔ ነበርኩ።

በርሜሉ ተሠራ። ከታች በኩል ወፍራም ብረት አቋርጦት አለፈ፤ የብረቱ ሁለት ጫፎች በግራና በቀኝ ወጥተው የትራክተሯን የኋላ ማንሻ ክንዶች ይቀበላሉ። ከላይ ሦስተኛ መያዣ ተበየደለት። እናቴና አባቴ ሲሚንቶውን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር በአካፋ አቦኩት።

"እስከ አፉ ሙዪው!" አለ መካኒኩ። "ከሠራሽ አይቀር!"

"አይሆንም ጋሼ። ክንዶቿ የሚችሉት ልክ አለው። ደግሞ ከኋላ ከበዛ ግንድ ሳልይዝ ስሄድ ፊቷ ቀልሎ ይነሳል፤ መሪው አይታዘዘኝም። ከፊት እንዳትደፋ ብዬ ከኋላ ልገልብጣት?"

ከሦስት እጅ ሁለቱን ሞላችና አቆመች። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እርጥብ ጆንያ እያለበሰች ውሃ አጠጣችው። ፀሐይ ሲመታው በጨርቅ ትከልለዋለች፤ በእጇ ትዳስሰዋለች። እኔን እንኳ እንዲህ አጥባኝ አታውቅም።

ዓርብ ቀን በርሜሉ ባስኩላው ላይ ወጣ። ያው ባስኩላ። ያው ሰው ተሰብስቧል። ሥራ አስኪያጁ መርፌውን አየና ሳይወድ ጠራው።

"ሦስት መቶ ሃምሳ!"

ጭብጨባ። "ቋጥኝ፣ ተሸነፍክ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ሦስት እጥፍ በለጠህ!" አባቴ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። እኔ ያን ሳቅ አላመንኩትም። ሰው ሁሉ ፊት አንደኝነቱን ሲቀማ ከመሳቅ ሌላ ምን ያድርግ? እንባውን ሊደብቅ ነው የሚስቀው አልኩ።

እናቴ በርሜሉን ትራክተሯ ላይ ገጥማ ወደ ቤት ልንሄድ ስንል ወደ ኋላ ቀረሁ። የክንዶቹ ጫፍ ከብረቱ እንዳይወልቅ የሚቆልፉ ፒኖች አሉ፤ ጣት የሚያክሉ፣ ቀለበት ያላቸው። የግራውን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ ዘይት ዘይት ይሸታል።

ምን እንዳደረግሁ አላውቅም ነበር። በርሜሉ ነገ ወድቆ ሰው ይስቅበታል፣ አባቴም ቦታው ይመለሳል ብዬ ነው። ክንዱ በመንገድ ላይ ቢወልቅ በርሜሉ ተሽከርክሮ ማንን እንደሚመታ፣ እናቴ ግንድ እንደተሸከመች ምን እንደምትሆን አላሰብኩም። ስምንት ዓመት መሆን መልስ አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁን ካልማርኩ ራሴንም አልምርም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። አማት በሩ አጠገብ ሣሯን ለብሳ ተጋድማለች። እናቴ ነጠላ ጫማዋን በቦት ቀይራ፣ ሻሿን አጥብቃ መጣች። ትራክተሯ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከኋላ ዞረች፤ በእጇ እየነካች ትቆጥራለች።

"አንድ" የላይኛው። "ሁለት" የቀኙ።

ሦስት አላለችም።

"ፒን የለም" አለች።

"ይኸውላችሁ፣ ሰበብ ተጀመረ!" አለ ሥራ አስኪያጁ። "በምስማር እሰሪውና ሂጂ!"

"በምስማር አልሄድም።"

"እንግዲያው አምስት ደቂቃ አለሽ። ከዚያ በኋላ ቋጥኝ ወደ ቦታው፣ አንቺ ወደ መጥረጊያው።"

መካኒኩ ሣጥኑን ሊበረብር ሮጠ። ሰው መሬት መሬቱን ይፈልግ ጀመር። እናቴ ምንም አልፈለገችም፤ ማታ በእጇ እንዳስገባችው ታውቃለች። ክርኗን በርሜሉ ላይ አሳርፋ ቆመች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አባቴ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

መጣና ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

"ላባዬ፣ ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?"

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ ይከብዳል እንዴ? ቀሚስሽን ወደ አንድ ጎን ጎተተው እኮ።"

እንባዬ መጣ። "የአንተ ቦታ ነው!" አልኩት። "አንደኛ ወጥተህ ነው ያገኘኸው! እሷ ቀንታብህ ነው!"

አባቴ አፉን ከፍቶ አየኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ ፊቴ ዘረጋቸው። ብረቱን ሲጨብጥ የዋለባቸው ቦታዎች ተልጠው፣ ደርቀው፣ እንደገና ተልጠዋል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ምንም ሳይዝ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ለካ እንጀራው የሆነው እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ በዚህ እጅ የመጋዝ ጥርስ አይሞረድም።

"ፈርቼ ነው የምውለው" አለኝ በቀስታ።

"አንተ?"

"እኔ።"

"የበረርክ ጊዜስ?"

"ያን ጊዜማ ከሁሉ የባሰ።" ፈገግ ሊል ሞከረ። "እሱ እዚያ ላይ ያወጣኝ ከድንጋይ ጋር ቆጥሮኝ ነው። እናትሽ ግን ከድንጋይ ለይታኛለች። ገባሽ?"

ሁሉ አልገባኝም። እጁ ግን ገባኝ። ፒኑን አውጥቼ ሰጠሁት፤ አልተቀበለኝም።

"ለእኔ አይደለም። ራስሽ ውሰጅላት።"

ያን ሁሉ ሰው አቋርጬ ሄድኩ። ከበሩ እስከ ትራክተሯ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ በሕይወቴ ብዙ መድረክ ላይ ወጥቻለሁ፣ ብዙ ሰው ጮኾብኛል፣ እንደዚያ የረዘመብኝ መንገድ የለም። እናቴ ፒኑን አየች። እኔን አየች። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

"ራስሽ አስገቢው" አለችኝ።

አስገባሁት። ቀለበቱ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

"ቁጠሪ።"

"ሦስት" አልኩ።

"አልሰማሁም!"

"ሦስት!" ብዬ ጮህኩ፤ መካኒኩ ከሣጥኑ ላይ ቀና አለ። "ኧረ እሰይ!" አለ፤ ሰው ሳቀ።

እናቴ ትራክተሯ ላይ ወጣች። ሹካው ከአማት ሥር ገባ። ማንሻውን ስትስብ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ፤ የፊት ጎማዎቹ ጎናቸው አበጠ። ሰው ሁሉ ግንዷን አየ። እኔ በሆዴ ተኝቼ የኋላውን ጎማ አየሁ። በጎማውና በመሬቱ መካከል ብርሃን ፈለግሁ። እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን እንኳ ይመጣል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

አልመጣም።

አማት ተነሳች! ሁለት ዓመት የተኛችበትን ሣር እያስለቀቀች፣ ትል እያራገፈች፣ አንድ ስንዝር ከፍ አለች። እናቴ ከዚያ በላይ አላነሳቻትም፤ ግንዷን ከመሬት ሳታርቅ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ከኋላ በርሜሉ ሳይወዛወዝ እንደ ከባድ እንግዳ ረጋ ብሎ ይከተላታል። መካኒኩ እንደ ወጣት እየዘለለ ጎማውን እያየ አብሯት ይሄዳል።

"ነክሳዋለች! መሬቱን ነክሳዋለች! ወይ ልጄ! ወይ ልጄ!"

ከባስኩላው ቀጥሎ መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ጋ ደረሰች፤ ሁልጊዜ የምትበርርበት ቦታ ነው። ፍሬን ያዘች። ትራክተሯ ቆመች። ዝም ብላ ቆመች፤ እንደ ቤት። ከዚያ ጉድጓዱን ወርዳ ወጣች። ሰው አበደ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ባርኔጣ ወረወሩ፣ አባቴ ከሁሉ ፊት ወደ ኋላ እየተራመደ፣ በሁለቱ የሚንቀጠቀጡ እጆቹ "ነይ፣ ነይ፣ ነይ" እያለ ይመራታል። እግሩ መሬት ላይ ነበር። እንደዚያን ቀን ትልቅ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ግንዷ መጋዙ አጠገብ አረፈች። እናቴ ሞተሩን አጠፋች። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጥሩ፣ ጥሩ ነው" አለ። "ቢሆንም ቋጥኝ ለማንኛውም ይቀመጥ። ለጥንቃቄ።"

እናቴ ከመቀመጫዋ ሥር የብሎን መፍቻውን አወጣች። ወርዳ፣ በሥራ አስኪያጁ አጠገብ አልፋ፣ ለአባቴ ሰጠችው። አባቴ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ ሳንቃውን አነሳና ሥራ አስኪያጁ ክንድ ላይ አስቀመጠለት።

"እንኩ" አለው። "ለጥንቃቄ።"

ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሳንቃውን ታቅፎ ወደ ቢሮው ሄደ። በኋላ ለጎብኚዎች "የበርሜሉ ሐሳብ የእኔ ነበር" ይል ነበር አሉ። ይበል። ከሰል የተጻፈበት ሌላኛው ሳንቃ፣ በእናቴ ስንዝርና በእኔ ሃያ ሁለት ኪሎ የተሞላው፣ ዛሬ ከመጻፊያ ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሚከራከረኝ ይምጣ።

ሰው ወደየሥራው ሲበተን እኔ ወደ በሩ ተመለስኩ። አማት ከነበረችበት ቢጫ ሣር ጀምሬ የኋላውን ጎማ ዱካ ተከተልኩ። በእያንዳንዱ የዓሣ አጥንት ላይ ጫማዬን እያስቀመጥኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ የተዘለለ ቦታ እየፈለግሁ ሄድኩ። በባስኩላው አጠገብ አለፍኩ። ጉድጓዱን ወርጄ ወጣሁ። የሰጋቱራውን ክምር ዞርኩ። አንድም ቦታ አልተቋረጠም። ዱካው ሳይነሳ፣ ሳይበርር፣ መሬቱን እንደነከሰ እስከ መጋዙ ድረስ አደረሰኝ።

እዚያ ስደርስ ከጠባቧ ክፍል ውስጥ የሞረድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ እየተደናቀፈ፤ ሲርር፣ ዝም፣ ሲርር። በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። እየቆየ፣ እየተስተካከለ፣ መሬቱን እንዳገኘ ጎማ አንዱ ጥርስ ከሌላው ሳይቋረጥ ቀጠለ።